አራት መቶ አንደኛዋ

ሰኞ፣ ጁን 9

ዛሬም ዘነበ። ኮንሴፕሲዮን ለሚኖር ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። ወሬ የሚሆነው የቢሮአችን ጣሪያ ማፍሰሱን ቢያቆም ነበር። አላቆመም። ባልዲው ሲሞላ እኔና የቢሮ ጓደኛዬ ኒባልዶ በየተራ እንደፋለን። ዛሬ ተራው የእሱ ነበር፤ እሱ ግን ካልሲዬ እስኪርስ ድረስ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ፕሮፌሰር ኦሪየታ ስላዘዙኝ ነው። "የሠራሽውን ሁሉ በየቀኑ ጻፊ፣ ያስና። ጭንቅላትሽ ወንፊት ነው" አሉኝ። ስለዚህ ስለ ሥራ ብቻ ነው የምጽፈው። (የካልሲውን ጉዳይ ከሥራ እቆጥረዋለሁ።)

ሥራው የእሳቸው ካርታ ነው። ሰሜን በረሃው ላይ ባለው ቴሌስኮፕ ስድስት ዓመት አንዲት የሰማይ ቁራጭ ላይ አፍጥጠው የሠሩት። ለዓይን ባዶ ቦታ ነው፤ ዓይን በማያየው በኢንፍራሬድና ከእሱ በሚረዝመው ብርሃን ሲታይ ግን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ጽንፈ ዓለም ገና ልጅ ሳለ ኮከብ በገፍ ትወልድ የነበረች ጋላክሲ ናት። አቧራ ስለተከናነበች የኮከቦቿ ብርሃን አይወጣም፤ አቧራው ግን ይሞቃል፣ ሙቀቱም እኛ ዘንድ ይደርሳል። የእኔ ድርሻ ነጠብጣቦቹን መልቀም ነው። እንጀራዬ ለቀማ ነው ማለት ይቻላል።

ለቀማው መታመኑን ለማወቅ ደግሞ የሐሰት ጋላክሲዎች በካርታው ቅጂ ላይ ይበተናሉ። በሙያችን ሁሉም የሚያደርገው ነው። አራት መቶ በትነሽ ፕሮግራሙ ሦስት መቶ ካገኘልሽ፣ ከአራት አንዷ እንደምታመልጥሽ ታውቂያለሽ። ከዚያ በዝርዝሩ መሠረት አንድ በአንድ ታወጫቸዋለሽ። ዛሬ ነገሩ መሥራቱን ለማየት መጀመሪያ አንዷን በእጄ አስገባሁ፤ ድምቀቷን ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጬ። ታየች። ከዚያ አራት መቶዎቹን ለቀቅኳቸው።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ኒባልዶ በጨለማው ውስጥ "ባልዲው የት ነው?" ሲል ሰማሁት። አገኘው፣ በእግሩ።

ሐሙስ፣ ጁን 12

መብራት መጣ። ጉንፋንም መጣ። ከአራት መቶው 318 ተገኙ። አራት መቶውንም በዝርዝሩ አወጣሁ። ፕሮፌሰር "መልካም" አሉ። ከእሳቸው አፍ "መልካም" ማለት የአገር ሽልማት ነው።

ረቡዕ፣ ጁን 18

አገኘሁ አገኘሁ አገኘሁ። በኋላ እጽፋለሁ።

ማታ። ተረጋግቻለሁ (ውሸት)። ካርታው ከተጸዳ በኋላ እውነተኛዎቹን መልቀም ጀምሬ ነበር። ጠዋት አንዷ ላይ ዓይኔ ቀረ። በአጭሩ ሞገድ ፍዝዝ ያለች፣ በመካከለኛው ደህና፣ በረጅሙ ቦግ ያለች። ጋላክሲ በራቀች ቁጥር ብርሃኗ ወደ ረጅሙ ይሳባል፤ እኛ "ቀላች" እንላለን። ይቺ ደግሞ እንዲያው ቀይ በቀይ ናት። ሂሳቡን ሦስቴ ሠራሁት፦ ጽንፈ ዓለም ስምንት መቶ ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላው የነበረች ናት። በዚያ ዕድሜ ይህን ያህል አቧራ ያላት ጋላክሲ በጣት የምትቆጠር ናት። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ባለው የድምቀት መስመር ላይ ስትቀመጥ አንዲት ነጥብ አልሳተችም። አንዲት! ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ።

ኒባልዶ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ ለረጅም ጊዜ አያት።

"በጣም ንጹሕ ናት" አለ።

"ቀንተህ ነው።"

"ቀንቻለሁ። ግን ደግሞ በጣም ንጹሕ ናት። የኔዎቹ እኮ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ይጎረብጣሉ።"

"የአንተ እንደ አንተው ናቸው።"

ሳቀ። አረንጓዴው ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዷል፤ ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ ሥራ ብቻ።

ዓርብ፣ ጁን 20

በሌሎች ቴሌስኮፖች ምስል ላይ ቦታዋን ፈለግኩ። በሚታየው ብርሃን፦ ምንም። በአጭሩ ኢንፍራሬድ፣ ከጠፈር በተነሣው ጥልቅ ምስል፦ ምንም። ደስታዬ ጨመረ። ይህ ማለት እኮ አቧራዋ እጅግ ከመወፈሩ የተነሣ ኢንፍራሬድ እንኳ ሾልኮ አይወጣም ማለት ነው! እንዲህ ያሉ ስውር ጋላክሲዎች አሉ፤ ተጽፎላቸዋል። ፕሮፌሰርም "ይቻላል" አሉ። በታየች ቁጥር ትገርማለች፣ ባልታየች ቁጥር ደግሞ የበለጠ ትገርማለች።

ረቡዕ፣ ጁን 25

የክፍላችን ስብሰባ። ስለዘነበ ሶፓይፒያ ተጠብሶ ነበር። ውጭ ዘንቦ ትኩስ የዱባ ሊጥ ጥብስ ሳይበላ የተሰበሰበ ሰው እዚህ አገር አልተፈጠረም።

ለቡድናችን በዚህ ክረምት የቀሩን የቴሌስኮፕ ሰዓታት አሥራ አንድ ናቸው። ኒባልዶ ለሚያጠናት ጋላክሲ የተያዙ ነበሩ። ሁለት ዓመት ተራ ጠብቆ ሁለቱንም ጊዜ በረዶ ቀማው። የምርምር ድጎማው ዲሴምበር ላይ ያልቃል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ያለ እነዚህ ሰዓታት አይጻፍም። ፕሮፌሰር ዘወር ብለው አዩት።

"ኒባልዶ፣ ልጄ፣ የያስና ግኝት አሥራ አንዱንም ይፈልጋል። ምን ትላለህ?"

"ተገቢ ነው" አለና አራተኛ ሶፓይፒያ አነሣ።

ተገቢ ነው ብሏል እንግዲህ። በራሱ አፍ። የሚቀጥለው ዓመትም አለ። ለእሱ የለም፣ ግን በአጠቃላይ አለ።

እሁድ፣ ጁን 29

ታልካዋኖ፣ እማ ዘንድ። ዓሣ ገበያው ውስጥ ቀንድ አውጣና ዛጎል ከምትሸጥበት መደብ ገና ሳልደርስ፣ ዳቦ ቤት ያላቸው ሴኞራ ኤድሚራ በመንገዱ ማዶ ጮኹ፦

"ያስኒታ! ጋላክሲሽ እንዴት አደረች?"

"እማ፣ ለማን ለማን ነው የነገርሽው?"

"ለማንም። ለኤድሚራ ብቻ። ለቄሱም። ለአውቶቡስ ሹፌሩም፣ እሱ እንኳ ራሱ ጠይቆኝ ነው።"

"ሹፌሩ 'ልጅሽ ጋላክሲ አገኘች ወይ' ብሎ ጠየቀሽ?"

"'እንዴት ነሽ' አለኝ። ያው ነው።"

ስም አውጥታላታለች፦ ቀዮ። ቀይ ናት ስላልኳት። ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ በወረቀት "የቀዮ እናት ሠፈር" ተብሎ ተለጥፏል። የማን እናት? እኔ ነኝ ወይስ እማ? ሳቅኩ፤ ግን ወረቀቱን እንድታወርድ እማን ለመንኳት። እምቢ አለች።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ሰሜን በረዶ። ቴሌስኮፑ ተዘግቷል። መኪና አይወጣም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

በረዶ። የቀዮን ጽሑፍ መግቢያ ጀመርኩ። "እጅግ አስደናቂ" የሚለውን አራት ጊዜ ጽፌ ሦስቱን ፕሮፌሰር ሰረዙ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 15

ንፋስ። መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት። ዶን ዉላዲሚር፣ የቴሌስኮፑ ነጂ፣ በስልክ "የቴሌስኮፑን ሳህን አስረን ካርታ እየተጫወትን ነው፣ እኔ እየተበላሁ ነው" አሉ።

ኮሪደር ላይ ኒባልዶ ከእኅቱ ጋር ሲያወራ ሰማሁ። ልሰማ ብዬ አይደለም፤ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር። "አይ፣ ዲሴምበር ላይ ያልቃል... ሥራ እፈልጋለኋ፣ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ... ኧረ አልተናደድኩም። እሷ ጥሩ ነገር አግኝታለች።" ባልዲውን ጣውላው ላይ ደፋሁት። በእርግጥ ሞልቶ ነበር፣ እንደዚያ ነው የሆነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 24

ፕሮፌሰር ለጽሑፉ "ካርታው የጸዳው በየትኛው ቀን ነው?" አሉኝ። ቀኑን ለማየት ይህን ደብተር ገለጥኩ። ጁን 12 ነው።

ከዚያ በላይ ያለውንም አነበብኩ። ጁን 9ን።

ዝርዝሩ ላይ ያሉት አራት መቶ ናቸው። ያወጣሁት አራት መቶ።

ምንም አይደለም። ነገ አየዋለሁ።

ዓርብ፣ ጁላይ 25

ማቀዝቀዣውን አጸዳሁ። ከኋላው ያለውንም። ከኋላው ማንም አያጸዳም፤ እኔ አጸዳሁ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

የመኝታ አንሶላዎቹን ሁሉ ተኮስኩ። ከዚያ የወጥ ቤት ፎጣዎቹን። ካልሲም ይተኮሳል ለካ።

እሁድ፣ ጁላይ 27

እማ ጋ አልሄድኩም። አሞኛል አልኳት። የሾርባ ማሰሮ በአውቶቡሱ ሹፌር ላከችልኝ፤ ሹፌሩ "ቀዮስ ደህና ናት?" አለኝ።

ሰኞ፣ ጁላይ 28

ሰሜን ጠራ። አየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቀን በዓመት ጥቂት ነው። ቴሌስኮፑ ተከፈተ። በወረፋው ሁለተኛ ነን።

ዋናውን ካርታ፣ ማንም ያልነካውን፣ ፕሮፌሰር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ቁልፉ በራቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አምስት እርምጃ ነው። ዛሬም አልሄድኩም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 29

ሁሉንም ልጻፈው፣ ሳይበርድልኝ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቁልፉን አንሥቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ዋናውን ካርታ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩት፤ ወደ ቀዮ ቦታ ሄድኩ። ቀዮ የለችም። ሰማዩ እንደተለመደው ሻከር ያለ ነው፣ ሌላ ምንም። ጁን 9 ለሙከራ በእጄ ያስገባኋት፣ ከመጽሐፍ ገልብጬ የፈጠርኳት ልጅ ናት፤ መጽሐፉ መስመር ላይ የተቀመጠችውም ለዚህ ነው። በጠፈሩ ምስል ያልታየችውም ለዚህ ነው። እኔ አንድ ወር ሙሉ በራሴ ፍጡር ፍቅር ተይዤ ነበር።

ፕሮፌሰር ኦሪየታ ቢሮ ገብቼ ነገርኳቸው። እንዴት እንዳልኩት አላስታውስም። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። መነጽራቸው እስኪረጥብ ሳቁ።

"ለምንድን ነው ከዋናው ያልጀመርሽው፣ አንቺ ልጅ?"

"ቅጂው ተከፍቶ ስለነበር።"

"ተከፍቶ ስለነበር!" ሳቁ ድንገት ቆመ። "ቴሌስኮፑ ጋ ደውለሻል?"

"አልደወልኩም።"

"ታዲያ ምን ታስቂኛለሽ!"

ደወሉ። ዶን ዉላዲሚር በድምፅ ማጉያው ላይ መጡ።

"ከእናንተ በፊት ያለው ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፣ ዶኛ ኦሪየታ። ከዚያ ሳህኑን ወደ ቀዮ አዞራለሁ።"

እሳቸውም ቀዮ ይሏታል። እማ የማትደርስበት የለም።

"አታዙር። የኒባልዶን ነው የምንልከው።"

"የኒባልዶ ትዕዛዝ የለኝም። በሃያ ደቂቃ ካልደረሰኝ ግን ሰዓቱን ለሌላ አገር ቡድን እሰጣለሁ፤ ደንቡ ነው። በዚህ አየር ሳህን ዝም ብሎ አይቆምም።"

ኒባልዶ ማክሰኞ ማክሰኞ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቤተ ሙከራ ያሠራል፤ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋል። ቤተ ሙከራው ግቢው ጫፍ ነው። ሮጥኩ። ጃንጥላ አልያዝኩም። ሜዳው ላይ አንዴ ወድቄ ተነሣሁ። በሩን ስከፍት ሠላሳ ተማሪ ዞሮ አየኝ፤ ጭቃ ለብሼ ነበር።

"ኒባልዶ! የጋላክሲህን ትዕዛዝ ላክ! አሁኑኑ!"

"የምን ትዕዛዝ?"

"አሥራ አንዱን ሰዓት! ያንተ ነው!"

"ቀዮስ?"

ሠላሳ ተማሪ። ከመካከላቸው ግማሾቹ በሚቀጥለው ሴሚስተር እኔ የማስተምራቸው።

"ቀዮ የለችም! የሐሰት ናት! እኔ ነኝ ያስገባኋት፣ ማውጣት ረስቼ!"

ከኋላ መቀመጫ አንዱ "ኡፍ!" አለ። ኒባልዶ አላፈረብኝም፣ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"ስንት ደቂቃ?"

"አሥራ ሁለት። አሁን አሥራ አንድ።"

ለተማሪዎቹ "ማንም ምንም እንዳይነካ" ብሎ በመስኮቱ ዘሎ ወጣ። በሩ እኮ ክፍት ነበር። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። በዝናብ ጎን ለጎን ሮጥን፤ እሱ ይቀድመኛል፣ ቆም ይላል፣ "ነይ እንጂ!" ይላል። ቢሮ ደርሰን ኮምፒውተሩን ሲከፍት የይለፍ ቃሉን ሁለቴ ሳተ። ቁጥሮቹን እሱ እያነበበ እኔ ጻፍኩ፤ እያንዳንዱን መልሶ አነበበልኝ። ላክን። ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ድምፅ ማጉያው ተንጫጫ። "ደረሰኝ" አሉ ዶን ዉላዲሚር። "ይቺኛዋ ግን አለች አይደል?"

ፕሮፌሰር ኦሪየታ እንደገና መሳቅ ጀመሩ፤ በዚህኛው ግን ኒባልዶም ሳቀ፣ እኔም ጭምር። አፍሬአለሁ። በጣም አፍሬአለሁ። ግን አንድ ወር ያልበላሁትን ያህል እራት በላሁ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 30

ስብሰባ። ሁሉንም በሥርዓት ተናገርኩ። ማንም ሊያጽናናኝ አልሞከረም፤ ይልቅ ሁሉም የራሱን አወጣ። አንዱ የሌንስ ላይ ዝንብ ለሦስት ሳምንት እንደ ኮከብ ተከታትሏል። ፕሮፌሰር በወጣትነታቸው የጨረቃን ሙቀት ለክተው "አዲስ ምንጭ" ብለው ቴሌግራም ልከዋል። ከዛሬ ጀምሮ በቡድናችን የሚገባ የሐሰት ጋላክሲ ሁሉ "ቀዮ" ይባላል፤ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። አንድ ተቃውሞ፦ የእኔ።

ስለ አምስቱ ቀን ግን አልተናገርኩም። ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ። ሰሜን አንድ ቀን ቀድሞ ቢጠራ ኖሮ ሰዓቱ ባዶ ሰማይ ላይ ያልቅ ነበር፤ እኔ ቤቴ ሆኜ ካልሲ ስተኩስ።

እሁድ፣ ኦገስት 3

እማ መደቡ ላይ ዛጎል በቢላ እየከፈተች ነበር።

"የለችም?" አለች።

"የለችም።"

"የት ሄደች?"

"የትም። እኔው ነኝ የሠራኋት፣ እማ። ለሙከራ። ከዚያ ረሳኋት።"

ቢላዋን አስቀመጠች። ብዙ አሰበች። "እና ለኤድሚራ ምን ልበላት? አግኝታ ጠፋባት ልበል፣ ወይስ ሠርታ ረሳቻት?"

"የፈለግሽውን በይ።"

"ያዙሽ ወይስ ራስሽ ተናገርሽ?"

"ራሴ ነኝ።"

"ስንት ሰው ፊት?"

"ሠላሳ ተማሪ። በጭቃ።"

"በቃ እሱን ነው የምነግራት" አለችና ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ያለውን ወረቀት ልታወርድ መንገዱን ተሻገረች። እያወራች ስለቆየች እስክትመለስ ድረስ ግማሽ መደብ ዛጎል እኔ ሸጥኩ።

ለእማም ስለ አምስቱ ቀን አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

አሥራ አንዱም ሰዓት ተጠናቀቀ። አየሩ እስከ መጨረሻው ጥሩ ነበር።

ለኒባልዶ ነገርኩት። ሻይ አፍልቶ፣ ዳቦ ላይ አቮካዶ እየቀባ ሳለ። በአንድ ትንፋሽ፦ ሐሙስ አውቄ ነበር፣ ማለት ጠርጥሬ፣ ማለት አውቄ፣ አምስት ቀን ዝም አልኩ፣ ያንተ ዓመት ነበር፣ ይቅርታ።

ቢላው አቮካዶው ላይ ቆመ። ደስ አላለውም፤ ፊቱ ላይ አየሁት፣ ማየትም ነበረብኝ።

"የሆነ ነገር እንዳለ ገብቶኝ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ የእኔንም ተራ ባልዲ ስትደፊ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?"

"አንቺ ባልዲ ስትደፊ ማስቆም ሞኝነት ነው።" ዳቦውን ሰጠኝ። "ስድስተኛው ቀን ላይ ግን ሮጠሻል። ደግሞ እንዲህ ብታደርጊ አልምርሽም።"

"እሺ።"

"እውነቴን ነው።"

"እሺ አልኩህ እኮ።"

ሹራቡን እንድሰፋለት አምጣ ብዬዋለሁ። ስለ ሥራ ብቻ እጽፋለሁ ያልኩት የጁን ነገር ነው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

የኒባልዶ መረጃ ተቀነባብሮ ደረሰ። ዛሬ ጠዋት። ፋይሉን ከፍቶ ምስሉ ከመምጣቱ በፊት ስክሪኑን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"አንቺ እይው" አለኝ።

"ያንተ ነው እኮ!"

"እኔ እንድትኖር ስለምፈልግ አያታለሁ። ሐሰተኛ ጋላክሲ ደግሞ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። አጣሪልኝ። ሳታጣሪ አትጥሪኝ።" ኮሪደር ወጥቶ በሩን ዘጋ።

ከዋናው ጀመርኩ። ቅጂ አልነካሁም። ከቴሌስኮፑ የወጣውን ጥሬ ፋይል ራሴ አወረድኩ። ሰዓቶቹን ለሁለት ከፈልኳቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አለች፣ በኋለኞቹም አለች። ከአቧራው በታች ያለው ጋዝ በተወሰነ ሞገድ ላይ የሚያወጣቸው ሁለቱ የብርሃን መስመሮች በሚጠበቁበት ቦታ ተቀምጠዋል፤ ብርሃኑ ከተነሣ አሥራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ይሆነዋል። በጠፈሩ የኢንፍራሬድ ምስልም ጥግ ላይ ትንሽ ጭላንጭል አለች። ደግሞ አታምርም። አንድ ወገኗ አብጧል፣ ከጎኗ ሌላ ቁራጭ ተለጥፏል፣ የመጽሐፉን መስመር ሁለት ቦታ ላይ ትስታለች። ሳያት ዕንባዬ መጣ፣ ደስ ስላለኝ።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ደጋገምኩት። የማጣራበት መንገድ ሲያልቅብኝ በሩን ከፈትኩ። ኒባልዶ ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። አልተነሣም፤ ፊቴን እያየ ጠበቀ።

"እኔ አልሠራኋትም" አልኩት።